አልታመምኩም፣ እየቀዘፍኩ ነው

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ አልታመምኩም። ይህንን የምጽፈው አልጋ ላይ ሆኜ አይደለም፤ ትራስም አልተደገፍኩም፤ ራስጌዬ ቁጭ ብሎ ላቤን የሚጠርግልኝ ሰውም የለም። ሱቄ ውስጥ፣ በምስማር ካርቶንና በቀለም ጣሳ መሀል፣ በሙሉ ጤንነቴ ተቀምጫለሁ። ይህንኑ ለሐይቅ ከተማ ሰው ያልነገርኩበት ቀን የለም። ማን አመነህ ብትሉኝ ግን፣ ለወራት ማንም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አለዚያ እናንተም እንደ ሌላው ሰው «አይዞህ» ትሉኛላችሁ፤ «አይዞህ» ደግሞ ለዕድሜ ልኬ የሚበቃኝን ያህል ተብያለሁ።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ። ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ ሽቦ፣ የውሃ ቧንቧ። ሥራው ሲታይ ከባድ ይመስላል እንጂ ዋናው ሥራዬ መቀመጥ ነው። ደንበኛ ሲመጣ «እዚያ ጥግ ላይ አለልህ፣ አንሳው» እላለሁ፤ ያነሳል፤ ይሄዳል፤ እኔ እንደተቀመጥኩ ነኝ። እንዲህ ስቀመጥ ስቀመጥ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ከሱቅ መውጣት ጀመረ። ታዲያ የከተማው ሰው ምን አለ? «ማሻአላህ፣ አማረብህ» አለ። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራማ ባለቤቴን ሉባባን «ባልሽን አሳመርሽው፣ እጅሽ ይባረክ» ብለው መረቋት። እውነተኛ በሽተኛ የነበርኩት ያኔ ነው። ልብ በሉልኝ፤ ስታመም ነው «አማረብህ» የተባልኩት።

መታመሜን የነገረችኝ ደሴ ያለች ሐኪም ናት። ውሃ ጥም አላስቀምጥ ሲለኝ፣ ሰውነቴም ሲዝል ሄድኩ፤ ደሜን አስመርምራ ስኳሬ ከፍ ማለቱን ነገረችኝ። በዕድሜ ልጄ ብትሆን አይገርመኝም፤ አነጋገሯ ግን የዳኛ ነው።

«ጋሼ፣ ክኒኑን በሰዓቱ ይወስዳሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ፣ ክብደት ይቀንሳሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን።»

«ለስንት ቀን ነው መርፌው?» አልኳት።

«በየቀኑ ነው» አለችኝ።

እኔ መርፌ እፈራለሁ። ልጆቼ ሲከተቡ እናታቸው ስታቅፋቸው እኔ ከበር ውጭ ቆሜ ስለ አየር ሁኔታ የማወራ ሰው ነኝ። ምስማር በኪሎ የሚሸጥ ሰው እንዴት መርፌ ይፈራል የሚለኝ ካለ፣ ምስማሩ የሚገባው እንጨት ውስጥ ነው እለዋለሁ። ስለዚህ ከደሴ በሚኒባስ ስመለስ ቆርጬ ተነሳሁ። ያ መርፌ ቤቴ እንዳይገባ የሚደረገውን ሁሉ ላደርግ ለራሴ ቃል ገባሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት በእግር መሄድ ነው። በሐይቅ ከተማ ለጤናው ሲል በእግሩ ለመሄድ የሞከረ ሰው ካለ ይመስክርልኝ። ከሱቄ ወጥቼ ገና እግሬን ሳላፍታታ አንዱ ይይዘኛል። «አማን ነህ? ቤት አማን ነው? ልጆች አማን ናቸው? ከብቶቹስ?» ከብት የለኝም፤ ቢሆንም ይጠይቀኛል። ከእሱ ስላቀቅ ሌላው ይቀበለኛል። በዚህ መሀል ባጃጅ ይቆማል። «ምነው በእግርህ? ኸይር ነው? ግባ» ይለኛል። «እየተራመድኩ ነው» ስለው ይከፋዋል። አንዱ ባለባጃጅ፣ እምቢ ብለው፣ ጥሎኝ መሄድ ነውር ሆኖበት ባዶ ባጃጁን ከኋላዬ በእርምጃዬ ልክ እየነዳ እስከ ገበያው ድረስ ተከተለኝ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየን ጀመር። አፍሬ ገባሁ። ወደ ቤቴ መለሰኝ።

መፍትሔው የመጣው በሉባባ ወንድም በጀማል በኩል ነው። ጀማል ደሴ ላይ ጂም ከፍቶ ነበር፤ አልሆነለትምና ዘጋው። ዕቃዎቹን ሸጦ ሸጦ ገዢ ያጣለት አንድ ነገር ቀረ፤ የመቅዘፊያ ማሽን። «ጋሼ፣ እስከጊዜው እናንተ ሳሎን ይቀመጥልኝ፤ አንተም ትሠራበታለህ» አለኝ። በሚኒባስ ጣሪያ ሐይቅ ድረስ መጣ፤ ከመናኸሪያ እስከ ቤት ደግሞ በባጃጅ። ማሽኑ ረጅም ስለሆነ በባጃጁ በግራም በቀኝም ወጥቶ ነበር። አቧራ እንዳይነካው ጀማል በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎታል። እትዬ ዘሀራ በራቸው ላይ ቆመው ይህንን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ወደ ቤቴ ሲገባ አዩ። ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸው ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር።

«ሐይቁ አጠገብህ እያለ ሳሎን ውስጥ መቅዘፍ ምን ይሉታል?» የሚለኝ አይጠፋም። ብዙ ሰው ብሎኛል። እኔ ዋና አልችልም። ታንኳ ላይ ብወጣ ደግሞ ዳር ቆሞ የማያየኝ የለም፤ እንኳን ስቀዝፍ ስራመድ እንኳ አላስኬዱኝም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐይቁ ካሎሪ አይቆጥርም። ማሽኑ ይቆጥራል።

ማሽኑ እንዲህ ነው። ሐዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት መቀመጫ አለው፤ እግር የሚታሰርበት ማሰሪያ አለው፤ በሰንሰለት የሚጎተት እጀታ አለው፤ ፊት ለፊት ደግሞ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ሰሌዳ። መጀመሪያ ቀን መጋረጃውን ዘግቼ፣ እግሬን አስሬ፣ ከጉድጓድ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው በክንዴ ብቻ እየጎተትኩ ወረድኩበት። ብዙም ሳይቆይ ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር አይቼ በኩራት ለጀማል ደወልኩ።

«ይሄን ያህል ካሎሪ አቃጥያለሁ» አልኩት።

«ጎበዝ» አለኝ፤ ቀጠለና «ከአንድ ሳምቡሳ ትንሽ ያንሳል» አለ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ያ ሁሉ ላብ፣ ያ ሁሉ ማለክለክ፣ ለአንድ ሳምቡሳ፣ እሱም ሳይሞላ። እኔ ሳምቡሳ ስበላ እኮ መብላቴን እንኳ አላውቀውም። የብር መልስ እየጠበቅኩ ነው የምበላው። ማነው ይህንን ሚዛን የደነገገው? የሚገባውን በቀላሉ አስገብቶ የሚወጣውን በመከራ የሚያስወጣ አካል የሠራ ሰው ቢሆን ኖሮ ሱቄ ድረስ አስጠርቼ እጠይቀው ነበር። ጀማል ግን በትዕግሥት አስረዳኝ። ካሎሪ ማለት ምግብ ውስጥ ያለ ጉልበት ነው፤ ከምትጠቀምበት በላይ ከበላህ ይከማቻል፣ ከዚያ በታች ከበላህ ከተከማቸው ይወሰዳል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም አለኝ።

«ደግሞ በክንድህ አትጎትት፤ በእግርህ ግፋ። አትቸኩል። በየቀኑ ያንኑ ደቂቃ ቅዘፍና ርቀቱን ብቻ እይ። ትናንት ከደረስክበት ትንሽ ካለፍክ በቃህ።»

እግርን መግፋት ስለምድ ነገሩ ተለወጠ። ሰሌዳው ርቀቱን በሜትር ነው የሚነግረኝ፤ ሜትር ደግሞ የእኔ ቋንቋ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቧንቧና ሽቦ በሜትር ስቆርጥ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ሳሎኔን ከከተማው ጋር አገናኘሁት። መጀመሪያ ሰሞን ከቤቴ ተነስቼ ትልቁ መስጊድ ደጃፍ ስደርስ ጉልበቴ አለቀ። ቆየት ብዬ መስጊዱን አልፌ ገበያው ገባሁ። ከዚያ መናኸሪያ። በየማለዳው ሉባባ ከጓዳ ሆና «የት ደረስክ?» ትለኛለች፤ እኔም እያለከለክኩ «ገበያውን እያለፍኩ ነው» እላታለሁ። «ስትመለስ ሽንኩርት ይዘህ ና» ትለኛለች። ዓላማዬ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚያስገባው መገንጠያ ድረስ መድረስ ነበር። በመኪና ሳልፍ የማላየው መገንጠያ ሕልሜ ሆነ።

ስለ ሞኝነቴ ካላወራሁ ደግሞ ይህ ወግ ሙሉ አይሆንም። ሰሌዳው ያሳየኝን ካሎሪ ለጥቂት ጊዜ እንደ ደሞዝ ቆጥሬው ነበር። ቀዝፌ አገኘሁ፣ ስለዚህ ልብላው። ቀዝፌ እንደወረድኩ ሳምቡሳዬን በመብቴ በላሁ። ክብደቴ ከቦታው ፍንክች አላለም። ጀማል ሲሰማ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ያገኘኸውን እዚያው ላይ በላኸው፤ እንዲያውም አተረፍክ» አለኝ። ያንን ተውኩ። ክብደቴ መውረድ የጀመረው ያኔ ነው። የምመዘነው በሱቁ ሚዛን፣ ምስማርና ሽቦ በምመዝንበት ነው፤ ሚዛኑ ደግሞ በር ላይ ነው። ምን ያህል እንደቀነስኩ ከእኔ እኩል አላፊ አግዳሚው ያውቃል ማለት ነው። ቀበቶዬ ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ስበሳ ያዩኝም አሉ።

መከራዬ የጀመረው ከዚህ ነው።

«ከሳህ» አለኝ አንዱ። «ምነው ከሳህ?» አለኝ ሌላው። «ምን ነካህ?» አለኝ ሦስተኛው። በመጀመሪያ ደስ ብሎኝ «ስፖርት ነው» አልኩ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ስፖርት የልጆች ነገር ነው፤ ሆድ ያወጣ ነጋዴ በድንገት ሲከሳ ስፖርት አይባልም። እየዋለ ሲያድር ጥያቄው ወደ ሹክሹክታ ተለወጠ። ሹክሹክታውን ያደራጁት እትዬ ዘሀራ መሆናቸውን ኋላ ነው የሰማሁት። ማስረጃቸው እንከን የለውም። ሰውዬው ደሴ ሐኪም ቤት ይመላለሳል። ከስቷል። ሠርግ ላይ ምግብ እምቢ ብሏል። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ማሽን ቤቱ ገብቶለታል። በዚህ ላይ በየማለዳው መጋረጃው ተዘግቶ በግድግዳው በኩል «እህ… እህ… እህ…» እያለ ሲያቃስት ይሰማል።

እውነት ነው፣ ስቀዝፍ አቃስታለሁ። ያለ ማቃሰት የሚቀዝፍ ሰው ካለ ያሳዩኝ።

የወሬው መደምደሚያ ይህ ሆነ፤ «ያለ ማሽን አይተነፍስም።»

እትዬ ዘሀራ አንድ ማለዳ ገና ከማሽኑ ሳልወርድ ገቡ። ላቤ በግንባሬ ይንቆረቆራል፤ እግሬ ታስሯል፤ አፌ ተከፍቷል። ደረታቸውን ያዙ።

«ያ ረቢ… ወንድሜን እንዲህ አድርጎ ያዘው? አብሽር ሆዴ፣ አብሽር» አሉ።

«እትዬ ዘሀራ፣ አልታመምኩም። እየቀዘፍኩ ነው» አልኳቸው።

እሳቸው ዞር ብለው ለሉባባ «መቃዠትም ጀምሮታል» አሏት።

በነጋታው ገንፎ መጣ። መሀሉ ላይ ቅቤ የሞላበት፣ ጉም የመሰለ እንፋሎት የሚወጣው ገንፎ። «ለበሽተኛ ከዚህ የሚበልጥ የለም» ተባልኩ። እምቢ አልኩ። እትዬ ዘሀራ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ «አንጀቱ ምግብ አልቀበል ካለማ…» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ምን ላድርግ? በላሁ። ጤነኛ መሆኔን ለማሳየት ጨርሼ በላሁ። ይህ ትልቁ ስህተቴ ነበር፤ ምክንያቱም «ገንፎውን ወደደው» የሚለው ዜና ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር ደሜ ይፈላል። ቅሬያችን ተነቃነቀ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሲሞቱ ይቀብራል፣ ሲታመሙ ይጠይቃል። ለመጠየቅ ደግሞ በባዶ እጅ አይኬድም። አንዷ አጥሚት፣ አንዷ ማር፣ አንዷ ወተት፣ አንዷ የዶሮ ሾርባ። ባዶ እጁን የመጣ ካለ ደግሞ ሌላው ያመጣውን አንስቶ ያጎርሰኛል። ከአንዷ የጎረሱትን ከሌላዋ እምቢ ማለት ቂም ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ መጉረስም እንደዚያው። እኔ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ እቀመጣለሁ። ከእትዬ ዘሀራ ገንፎ ብቻ ለመላቀቅ፣ እንደ ስሌቴ፣ ከሳሎኔ ተነስቼ እስከ ውጫሌ መቅዘፍ ነበረብኝ። ውጫሌን በመኪና እንኳ ስሄድ ይሰለቸኛል።

ጀማል ስልክ ደውሎ «ምን ምን ነው የምትበላው?» አለኝ።

«ብዙም አልበላም» አልኩት።

«እና ክብደትህ ለምን ተመለሰ?»

«እኔ እንጃ። እኔ የምበላውን ሁሉ እቆጥራለሁ።»

«ጉርሻውንስ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ። ማል ካላችሁኝ ወላሂ፣ ጉርሻ ቆጥሬ አላውቅም። በእጄ አልነካሁትም፤ አልቆረስኩትም፤ ሰው ነው አፌ ውስጥ የከተተው። በሰው እጅ የገባ ምግብ በእኔ ስም ይመዘገባል ብዬ እንዴት ላስብ? ይህንን ለጀማል ብነግረው መልስ ከመስጠት ይልቅ ለረጅም ጊዜ ሳቀ።

ቀጠሮዬ እየቀረበ ነው። በዓይኔ ላይ መርፌው ይሄዳል። ሚዛኑ ወደ ላይ ይወጣል። የቀዘፍኩት ርቀት እያደገ ነው፤ ከመናኸሪያው አልፌ ወደ መገንጠያው ተቃርቤያለሁ፤ ነገር ግን በበጎ ሰዎች ማንኪያ ወደ ኋላ እየተመለስኩ ነው። የሚጠላኝ ሰው ቢሆን ኖሮ እጣላው ነበር። የሚወደኝን ሰው ምን ብዬ ልጣላው?

በዚህ መሀል የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ ታደሰ ሱቄ ድረስ መጡ። ምራቃቸውን የዋጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ከተናገሩ ተናገሩ ነው። «ነገ ቤትህ ዱዓ ይደረጋል» አሉኝ። «ሼሁም ይመጣሉ። በግ ይታረዳል። እኔም ለግሸን ማርያም ስለት ገብቼልሃለሁ፤ ከዳንክልኝ ተራራውን በእግሬ ወጥቼ ጥላ አገባለሁ።»

እውነቱን ልናገር። ጋሽ ታደሰ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ የሱቄን ደረጃ እንኳ የሚወጡት በመከራ ነው። ለእኔ ሲሉ ያንን አቀበት ሊወጡት ነው። ሰውየው እንዲህ ሲወዱኝ ልናደድባቸው አልቻልኩም፤ አለመቻሌ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ አልታመምኩም እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። «ወንድ ልጅ እንዲህ ነው የሚለው።»

በማግሥቱ ሳሎኔ ሞላ። ሼሁ በአንድ ወገን፣ ጋሽ ታደሰ በሌላ ወገን፣ ሴቶቹ በጓዳው በር በኩል። ማሽኑ መሀል ላይ ቁጭ ብሏል። ሰው ሁሉ እንደ ሬሳ ሳጥን ፈንጠር ብሎለታል። ጋሽ ታደሰ የእግር ማሰሪያውን በጣታቸው ነካ አድርገው «የሚያስሩህ እንዳትወድቅ ነው?» አሉኝ። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ዛሬ በዓይናቸው ያዩታል አልኩ። መናገር ካልጠቀመኝ አሳያቸዋለሁ።

ሁሉ ሰው እያየኝ ተቀመጥኩ፤ እግሬን አሰርኩ፤ እጀታውን ያዝኩ። በእግሬ ገፋሁ። እልሁ እንደ ምን ይገፋል መሰላችሁ። መስጊዱን ሳላየው አለፍኩ። ገበያውን አለፍኩ። መናኸሪያው ጋ ትንፋሼ አጠረ፤ አላቆምኩም። «እህ… እህ…» እያልኩ ገፋሁ። መገንጠያው ላይ ስደርስ እጄን አላነሳሁም፤ ወደ ገዳሙ በሚወስደው መንገድ ታጥፌ ገባሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ርቄ ሄጄ አላውቅም። ስጨርስ ሰሌዳውን በጣቴ እያመለከትኩ፣ መናገር አቅቶኝ፣ ቀና ብዬ ሰዎቹን አየሁ።

ቤቱ በእንባ ታጥቧል።

«አውርዱት፣ አውርዱት» አሉ ሼሁ። ለአራት ብብቴን ይዘው አነሱኝ። አንዱ ውሃ ረጨኝ። እትዬ ዘሀራ እግሬን ፈትተው «ይህን ሁሉ ሥቃይ ችሎ ነው ዝም የሚለን» እያሉ አለቀሱ። ዱዓው ተደረገ፤ እስላሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን አለ። ከዚያ በጉ ቀረበ፤ ሁሉም በየተራ አጎረሰኝ። በዚያ ቀን የደረስኩበትን ያየልኝ ሰው የለም፤ ሰሌዳው ራሱ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ።

የቀጠሮዬ ዕለት ደግሞ ብቻዬን እንዳልሄድ ተወሰነ። በሽተኛ ብቻውን አይሄድም። በሚኒባሱ በግራዬ ጋሽ ታደሰ፣ በቀኜ እትዬ ዘሀራ። እትዬ ዘሀራ ጉልበታቸው ላይ ሳህን በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል፤ ምን እንዳለበት አልጠየቅኩም። ሐኪሟ ዘንድም ሁለቱም ተከትለውኝ ገቡ። የምርመራውን ውጤት አየችና ከንፈሯን ነከሰች።

«ወርዷል» አለችኝ። «ግን መውረድ ከሚገባው ግማሹን እንኳ አልወረደም። ክብደትዎም ቀንሶ ቀንሶ መልሶ ጨምሯል። ምንድነው የሚበሉት?»

አፌን ስከፍት እትዬ ዘሀራ ቀደሙኝ።

«እሱስ ይበላል፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ በኩራት። «ማለዳ ገንፎ፣ ቅቤው የኔ ነው፣ ንጹሕ። ረፋዱ ላይ አጥሚት በማር። ከዚያ ወተት። ጎረቤቱም ይጎበኘዋል። ዛሬም ለመንገድ ትንሽ ይዤለታለሁ።» ሳህኑን ፈቱት። ጨጨብሳ ነበር፤ ማሩ እስከ ጠረጴዛው ሸተተ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሳቸው ዞረች።

«እማማ፣ እኚህ ሰው የታመሙት ወፍረው በነበረ ጊዜ ነው። ሲከሱ እየዳኑ ነበር። ማሽኑም መድኃኒታቸው ነው። አሁን ወደ መርፌው እየወሰዳቸው ያለው ይህ ሳህን ነው።»

እትዬ ዘሀራ ሳህኑን አዩት። እኔን አዩኝ። «እየቀዘፍኩ ነው ብለኸኝ ነበር» አሉኝ፣ በዝግታ። ጨርቁን መልሰው ቋጠሩት። ሐኪሟ መርፌውን ለአንድ ቀጠሮ አራዘመችልኝ።  ለወራት ሊያምኑኝ እምቢ ያሉኝን አንዲት ልጅ እግር ሐኪም በአንድ ትንፋሽ አሳመነቻቸው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ደግሞ እትዬ ዘሀራ ያንን ሳህን እንደ ሕፃን አቅፈው ሲሄዱ ሳይ የምናደድበት ሰው ጠፋኝ።

ቅሬው ተሰበሰበ። ጋሽ ታደሰ ተናገሩ፤ እሳቸው ደግሞ ከተናገሩ ተናገሩ ነው። ይህንን ሰው ያበላ፣ ያጎረሰ፣ ማር ያቀመሰ ሰው ከቅሬ ሥርዓት እንደወጣ ይቆጠራል። ቅሬ ያለውን የሚሽር የለም። ከዚያን ቀን ወዲህ በሰው እጅ አንዲት ነገር በአፌ አልገባችም። ሳምቡሳ የምትሸጠዋ ሴት ሱቄ ፊት ስትደርስ መንገድ ትሻገራለች። ሠርግ ላይ ሳህን ሳነሳ ሦስት እጅ ይዘረጋል፤ ግማሹን ይቀንሱልኛል። በየሳምንቱ ሚዛኑ ላይ ስወጣ ዙሪያዬን ከበው ያያሉ፤ ከወረድኩ «ማሻአላህ፣ ከሳህ» ይሉኛል፤ ካልወረድኩ ማን አበላው እየተባለ ምርመራ ይካሄዳል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሟ ውጤቱን አየችና «መርፌው ቀርቶልዎታል» አለችኝ። ጋሽ ታደሰም በዚያ ጉልበታቸው ግሸንን ወጥተው ጥላውን አገቡ። አልታመምኩም ብዬ የተሟገትኩት እኔ፣ ሲመለሱ በር ላይ ቆሜ ተቀበልኳቸው።

አሁን ደህና ነኝ። ነገር ግን ቅሬታ የለኝም አልልም። ባለፈው በጎረቤት ሠርግ ላይ እትዬ ዘሀራ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ቆንጆ አድርገው ጠቀለሉ፤ በልማድ እጃቸው ወደ አፌ መጣ። አፌን ከፈትኩ። እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። ለአፍታ ተያየን። ከዚያ መልሰው ራሳቸው ጎረሱት፤ እያኘኩ ፊታቸውን አዞሩ። በዕድሜዬ ሙሉ ያመለጠኝ ጉርሻ እንደዚያ አሳዝኖኝ አያውቅም። አንድ ጉርሻ እኮ ነው። ከመስጊዱ እስከ ገበያው ድረስ እቀዝፈው ነበር።

ዛሬ ማለዳ ደግሞ ሰውነቴ እምቢ አለኝ። አንድ ቀን ባልቀዝፍ ምን ይሆናል ብዬ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ። ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው ተንኳኳ።

«አማን ነው?» አሉ እትዬ ዘሀራ በግድግዳው በኩል። «ዛሬ ማቃሰትህን አልሰማሁም።»

ምን በወጣኝ ብዬ፣ ከብርድ ልብሱ ሳልወጣ፣ «እህ… እህ…» አልኩ።

ግድግዳው እንደገና ተንኳኳ።

«ይቺ የአልጋ ናት፤ ተነስ» አሉኝ።

ተነሳሁ።